ሰም ያለበት የሶላር ውሃ ማሞቂያ ጅማ ላይ ያዋጣል ወይ?

ሄርማታ አካባቢ አንድ ብየዳ ቤት ያሰራነውን ማሞቂያ ብዙ ሰው በኢንቦክስ ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፈው። ከተራው የሚለየው ታንከሩ ውስጥ ፓራፊን የተሞሉ የስቴንለስ ቱቦዎች መኖራቸው ነው፣ ያው የሻማ ሰም በሉት። ቀን ውሃው ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ሰሙ ይቀልጣል፣ ማታ ሲረጋ ደግሞ የያዘውን ሙቀት ለውሃው ይመልሳል። አንድ ኪሎ ፓራፊን ሲቀልጥ ብቻ ወደ 200 ኪሎጁል ይይዛል፣ ያንን በአንድ ኪሎ ውሃ ልያዝ ብትሉ 48 ዲግሪ ገደማ መጨመር አለባችሁ።

በበጋ ምርጥ ነው፣ ማለዳ ልጆቹን የማጥበው በሱ ነው መብራት ኖረም አልኖረም። ግን ሰም ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፣ ከውሃ እንኳን ሲሶ ያህል ነው፣ እና መጀመሪያ የገጠሙልን ወፍራም ቱቦ ዳር ዳሩ ቀልጦ መሃሉ ድርቅ ብሎ ይቀር ነበር። ቀጫጭን ቱቦ ውስጡ የአልሙኒየም ክንፍ ያለው ሲቀይሩልን ነው ነገሩ የተስተካከለው።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ሰም ሲቀልጥ በ10 ፐርሰንት ገደማ ያብጣል፣ እነሱ ግን አንዱን ቱቦ እስከ አፉ ሞልተው በይደውት ብየዳው ተሰነጠቀና ባልዲው ላይ ነጭ ነጭ ነገር ተንሳፈፈ፣ ስደውል ሰውየው «እህቴ ሻማ እኮ አይገድልም» አይለኝም! በኋላ ግን መጥቶ በነጻ ቀየረው።

ክረምት ላይ አትጠብቁ። ሐምሌና ነሐሴ በዚህ ደመና ውሃው ሰሙ መቅለጫ ላይ የሚደርስበት ቀን ጥቂት ነው፣ ካልቀለጠ ደግሞ ሰሙ ዝም ብሎ ቦታ መያዝ ነው። የምታሰሩ ካላችሁ በ45 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ሰም ይገኝ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።