ሥጋ በስኳር፦ ሚሺማቴይ፣ ኪዮቶ

ሱኪያኪ የበሬ ሥጋ ነው። ጠረጴዛችሁ ላይ፣ ዓይናችሁ እያየ፣ ጎድጓዳ ባልሆነ የብረት ድስት ይሠራል። ጃፓኖች ለደስታ ቀን የሚያስቡት ምግብ ስለሆነ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ገንዘቤን አንድ ቦታ ላይ ላውጣ ካላችሁ፣ ኪዮቶ ሂዱና ሚሺማቴይ የሚባለው ምግብ ቤት ግቡ።

ቤቱ ተራማቺ የሚባለው ጣራ ያለው የገበያ መንገድ ሳንጆ ጎዳና ጋ ሲደርስ፣ ጥግ ላይ ነው። ታች ሉካንዳ ነው፤ ሥጋው በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ይሸጣል። ላይ ይበላል። አዲስ አበባ ሥጋ ቤት ገብቶ፣ የተሰቀለውን አይቶ፣ ወደ ጓዳ አልፎ መቀመጥ የለመደ ሰው እዚህ ግራ አይገባውም። ጫማ ማውለቅና ሰሌን ላይ መቀመጥ ግን አለ። ጉልበታችሁ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ቦታ ስትይዙ ቀድማችሁ ወንበር ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

ቤቱ የተከፈተው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ዓመቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የጃፓኑ አፄ ቴንሙ በ675 ከብት፣ ፈረስ፣ ውሻ፣ ዝንጀሮና ዶሮ እንዳይበላ ካወጁ ወዲህ፣ የቡድሃ እምነትም ታክሎበት፣ የበሬ ሥጋ ለብዙ መቶ ዓመታት በጃፓን ማዕድ ላይ እንደ ልብ አይታይም ነበር። አፄ ሜይጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው በይፋ የተነገረው በ1872 ነው። በዓመቱ ይህ ቤት በሩን ከፈተ።

አሁን ወደ ድስቱ። አስተናጋጇ የጋለውን ብረት በከብት ሞራ ታሸዋለች። ቀጥላ ስኳር ትበትንበታለች። አዎ፣ ስኳር፣ ያውም በደንብ። በላዩ ሰፊና በጣም የሳሳ ሥጋ ታነጥፋለች፤ ሲንጫጫ የቤቱን ሶስ ጠብ ታደርግበታለች። ስኳሩ ይቀልጥና ከሥጋው ስብ ጋር ጠርዝ ጠርዙን ቡናማ ያደርገዋል። ደቂቃ አይሞላም። ሥጋው መሐሉ ገና ቀላ እንዳለ ያነሱታል።

የምወደው ይህችን የመጀመሪያ ቁራጭ ነው። ጨው አለ፣ ጣፋጭ አለ፣ የጥብስ ሽታ አለ። የቶኪዮው አሠራር ይለያል፤ አኩሪ አተር ሶስ፣ ስኳር፣ ሚሪን (ጣፋጭ የማብሰያ መጠጥ) እና ሳኬ (የሩዝ መጠጥ) ቀድመው ተቀላቅለው ዋሪሺታ የሚሉት ሶስ ይሆናሉ፣ ሥጋው እዚያ ውስጥ ይበስላል። እሱን የሚመርጥ አለ፤ እኔ ግን ሥጋ መጀመሪያ ብረት ይንካ ባይ ነኝ። ስሙን በማልጠራው የቶኪዮ ቤት ሥጋና አትክልቱን አንድ ላይ ከተው አንተከተኩብኝ። ያ ሁሉ ዋጋ የተከፈለበት ሥጋ ግራጫ ሆኖ ደረቀ።

ከዚያ ጥሬ እንቁላሉ ይመጣል። በትንሽ ሳህን ትመቱትና ትኩሱን ሥጋ ነክራችሁ ትበላላችሁ። ቁርጥ በአዋዜ የሚያጣጥም አበሻ ጥሬ እንቁላል ሲያይ ለምን ፊቱን እንደሚያጨማድድ አይገባኝም። ጃፓን ውስጥ እንቁላል ታጥቦ፣ እስከ መቼ በጥሬው እንደሚበላ ቀኑ ተጽፎበት ነው የሚሸጠው። ጥቅሙም ሲጎድል ይታወቃል፤ ያለ እንቁላል ሶሱ ይበረታል። አልፈልግም ካላችሁ ማንም አያስገድዳችሁም።

አትክልቱ በኋላ ይገባል። ባሮ ሽንኩርት የሚመስለው ረጅሙ ሽንኩርት፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ)፣ እንጉዳይ፣ ሺራታኪ የሚሉት ግልጽ ክር መሳይ ነገር። የሽንኩርቱ ነገር ሌላ ነው፤ ሞራውን ጠጥቶ ይለሰልሳል። ሺራታኪው የራሱ ጣዕም የለውም፣ ሶስ ለመሸከም ነው የገባው። አስተናጋጇ የመጀመሪያውን ሠርታ ካሳየች በኋላ ድስቱን ለእናንተ ትታ ትወጣለች። ያኔ አትቸኩሉ፤ የምትበሉትን ያህል ብቻ ጣሉ። ጣፋጩ እየጠነከረ ስለሚሄድ ነጭ ሩዝ ከመጀመሪያው እዘዙ።

ጿሚ ለሆናችሁ፣ እዚህ ረቡዕና ዓርብ መምጣት ዋጋ የለውም። አትክልቱም በሞራ ነው የሚሠራው። አልኮል የማይነካ ሰውም ይወቀው፤ በሱኪያኪ ሶስ ውስጥ ሳኬና ሚሪን መግባት የተለመደ ነው።

ስለ ዋጋ፦ ምሳ ከእራት በብዙ ይቀላል፣ ስለዚህ ቀን ሂዱ፣ ቦታም ቀድማችሁ ያዙ። ዋጋው የሚለያየው በሥጋው ደረጃ ነው። ከፍተኛው ስቡ በቀዩ ውስጥ እንደ ነጭ ክር ተሰራጭቶ በጣም ያምራል፤ ግን ጥቂት ከበላችሁ በኋላ ይከብዳል። የእኛ ሰው ጮማ እወዳለሁ ቢልም ይህ ሌላ ነው፣ አፍ ውስጥ ቅቤ ሆኖ ይቀራል። ዝቅ ያለውን ደረጃ እዘዙ። የሥጋ ጣዕሙ ይበልጣል፣ የተረፈውም ገንዘብ አንድ ሳህን ሥጋ ያስጨምራል።