የአንጎል ቀዶ ሕክምና በኮቪድ ወቅት፦ የቪዲዮ ክትትሉና ወረፋው ሲመዘኑ

በወረርሽኙ ጊዜ የተስፋፋው፣ ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረግ የቪዲዮ ክትትል ይጠቅማል፤ በአካል የሚደረገውን ምርመራ ግን አይተካም። ቁስሉ በጥሩ ብርሃን ከታየ መቅላቱ፣ ማበጡና መግሉ ይለያል። ትራስ የሚያረጥብ፣ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከታየ ግን የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ማጅራት ገትር ሊያስከትል ስለሚችልም ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። በጭንቅላት ውስጥ ግፊት መጨመሩን የሚጠቁመውን የዓይን ጀርባ በስልክ ማየት አለመቻሉ ትልቅ ጉድለት ነው።

የወረፋ አያያዙ ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የ24 አገሮች ጥናት ልዩ ልዩ ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ ቫይረሱ የተገኘባቸውን 1,128 ሕሙማን ተከታትሎ፣ 23.8 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ መሞታቸውን አሳይቷል። ስለዚህ በወረርሽኙ ወቅት ኮቪድ የያዘው ሰው ቀስ ብሎ የሚያድግ ሜኒንጂዮማ (የአንጎል ሽፋን ዕጢ) ካለበት 7 ሳምንት ቢቆይ ይሻል ነበር፤ ግሊዮብላስቶማ (በፍጥነት የሚያድግ የአንጎል ካንሰር) ግን ጊዜ አይሰጥም። ሁለቱን በአንድ ወረፋ የሚያሰልፍ አገልግሎት ሕሙማኑን ይጎዳል።