ባለ 22 ሚሊሜትሩ የኋላ ስታቢላይዘር፣ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

መኪናዬ ሞተሯ ከፊት ሆኖ ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ የምታስተላልፍ፣ የኋላ አክስሏ ድፍን (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ግትር አካል የሚያያይዝ) ሆኖ በሞላ የተቀመጠ አሮጌ የቤት መኪና ናት። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው የኋላ ስታቢላይዘር (ኩርባ ላይ እየተጠመዘዘ የመኪናዋን ማዘንበል የሚቀንሰው የብረት ዘንግ) ውፍረቱ 19 ሚሊሜትር ነበር፤ አውልቄ ባለ 22 ሚሊሜትር የገጠምኩበት ምክንያት ደግሞ ኩርባ ላይ መሪውን ባጠፍኩ ቁጥር አፍንጫዋ ወደ ውጭ እየገፋ ከያዝኩት መስመር ስላስወጣኝ ነው።

ሦስት ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም የድፍን ዘንግ የመጠምዘዝ ጥንካሬ ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ቅርጹና የክንዱ (የታጠፈው ጫፉ) ርዝመት እስካልተለወጠ ድረስ አዲሱ ዘንግ ከቀድሞው በ80 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። በተጨማሪም በእያንዳንዱ ክንድ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ ክንዱን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ሲገባ ክንዱ ያጥራል፣ ዘንጉም ይበልጥ ይጠነክራል።

በማሸጊያው ላይ የሰፈረው «የኋላ ጎማዎች መሬት የመያዝ አቅም ይጨምራል» የሚለው ቃል ግን ትክክል አይደለም፤ ገዢዎችንም የሚያሳስት በመሆኑ ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። መኪና ሲታጠፍ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች የሚሻገረውን ጠቅላላ ክብደት የሚወስኑት የመኪናው ክብደት፣ የክብደቱ ማዕከል ከፍታ፣ በግራና ቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋትና የመታጠፉ ኃይል ናቸው። ስታቢላይዘር ይህን ድምር አይቀንሰውም፤ ፊትና ኋላ የሚካፈሉትን ድርሻ ብቻ ይለውጣል። ጎማ ደግሞ ክብደት ሲጨመርበት መሬት የመያዝ አቅሙ የሚያድገው ከተጨመረው ክብደት ባነሰ መጠን ስለሆነ፣ በግራና በቀኝ መካከል ሰፊ የጭነት ልዩነት የተሸከመው አክስል ይከስራል። ስለዚህ የኋላውን ማጠንከር ከኋላ ወስዶ ለፊት መስጠት ነው። የእኔ መኪና የጎደላት የፊቱ ስለነበር ልውውጡ ጠቅሞኛል፤ መሪውን ስይዝ አፍንጫዋ አሁን ሳትዘገይ ትገባለች።

የድፍን አክስል ጉዳይ ከዚህም ይለያል። አካሉ ቢያዘነብልም ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከአስፋልቱ ጋር ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ፣ ማዘንበልን መቀነስ ለኋላ ጎማ አቀማመጥ የሚያመጣው ጥቅም የለም። (ይህ የድፍን አክስል በጎ ጎን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ መደበኛው ፎርድ ሙስታንግም እስከ እ.ኤ.አ. 2014 ሞዴል ድረስ ይዞት ቆይቷል።) ጉዳቱ ግን ይታያል፤ ዘንጉ ሲጠነክር የውስጠኛው የኋላ ጎማ ጭነት ይቀንሳል፣ ተራ ዲፈረንሻል (ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው የማርሽ ክፍል) ካለ ደግሞ ጉልበቱ በዚያው በቀለለው ጎማ ይባክናል። ማያያዣዎቹን በውስጠኛው ቀዳዳ አስሬ በሁለተኛ ማርሽ ከጠባብ የቀኝ ኩርባ ስወጣ ሞተሩ ሲጮህ መኪናዋ ግን አትገፋም ነበር፤ ወርጄ ሳይ አስፋልቱ ላይ የቀረው ጥቁር መስመር አንድ ብቻ፣ እሱም የውስጠኛው ጎማ ነው። በግራ ኩርባ ይህ እምብዛም አይታይም፤ የፕሮፔለር ሻፍቱ (ጉልበቱን ከፊት ወደ ኋላ አክስል የሚያደርሰው የሚዞር ዘንግ) የመጠምዘዝ ኃይል ራሱ የቀኙን የኋላ ጎማ ስለሚያቀልል የቀኝ ኩርባ ሁልጊዜ ይብሳል። ማያያዣዎቹን ወደ ውጨኛው ቀዳዳ ካዛወርኩ በኋላ ችግሩ በደረቅ መንገድ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ በእርጥብ መንገድ ግን ነዳጁን በቀስታ መርገጥ ግድ ነው።

ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ምቾቱ ቀንሷል፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ መኪናዋ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች፣ ኩርባ መሃል ላይ ሲያጋጥም ደግሞ የኋላዋ ትንሽ ወደ ጎን ይዘላል።

የአሠራሩ ጥራት ጥሩ ነው፤ ብየዳው ንጹሕ፣ ቡለኖቹም ጠንካራ ናቸው። ቅር ያሰኘኝ አክስሉን የሚያቅፈው ማሰሪያ ነው፤ በመመሪያው እንደተሳለው ሲታሰር ከፍሬን ቱቦው ጋር ይነካካል። በክሪክ አንስቼ አክስሉ ወደ ታች ሲንጠለጠል ባየሁት ጊዜ ቱቦው ላይ ቀለሙ የተፋቀ፣ ጥፍር የምታህል የሚያብረቀርቅ ቦታ አገኘሁ። ማሰሪያውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ መልሼ አሰርኩት። የምትገጥሙ ሰዎች ይህን ሳታዩ መኪናውን እንዳታንቀሳቅሱ አደራ እላለሁ፤ ማያያዣዎቹንም መጨረሻ የምታጠብቁት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ይሁን።

ሾኮቹና ጎሚኒዎቹ ደህና ሆነው አፍንጫው ወደ ውጭ ለሚገፋበት መኪና ዕቃውን እመክራለሁ፤ በዝናብ ጊዜ ኋላው ቀድሞ ለሚንሸራተት መኪና ግን አልመክርም። የእኔ በውጨኛው ቀዳዳ እንደታሰረ ይቆያል፤ ወደ ውስጠኛው የምመልሰው ጉልበቱን ለሁለቱም ጎማ የሚያካፍል ዲፈረንሻል ካስገባሁ ብቻ ነው።