ዋንዛ ሥር የምትሠራ ጂፒኤስ (ባትሪዋ እስኪያልቅ)

በጅማ የጎማንና የማናን ወረዳዎች የቡና ማሳ በዚች ጂፒኤስ (ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ያለንበትን ቦታ የምታሰላ መሣሪያ) ስለካ ስምንት ወር ሆነኝ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ወደዚያ የሚላከው ቡና የበቀለበትን ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ በ6 አሃዝ ይፈልጋል፤ ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠ ደግሞ ዙሪያው ሁሉ ይመዘገባል። ዟሪው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ በስልኬ ነበር የምዞረው። የእኛ ቡና ጥላ ይወዳል፤ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ሰሳው ከላይ ያለብሰዋል። ስልኬ እዚያ ሥር ሲገባ ይዘባርቃል። አንድ አዛውንት ካርታውን አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄ መስመር ከጅረቱ ማዶ ያለውን የወንድሜን ቡና ለእኔ ሰጠኝ። ልታጣላን ነው?» አሉኝ። (በአፋን ኦሮሞ ነው ያሉት፤ አማርኛው የእኔ ነው።) ሳቅን፣ እኔ ግን በዚያው ሳምንት ጅማ ሂርማታ አካባቢ ካለ ሱቅ ይቺን መሣሪያ ገዛሁ።

ስልኬ ያዘባረቀው ወዶ አይደለም። የጂፒኤስ ሳተላይት 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ በፀሐይ ኃይል ነው የሚሠራው፤ የሚልከውም ጉልበት ከአንድ የቤት አምፖል ብዙም አይበልጥ። ያ ደካማ ሞገድ እዚህ ደርሶ ዝናብ የጠገበ ቅጠል ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ምን ይተርፈዋል?

ይቺ መሣሪያ ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የሩሲያውን ግሎናስና የቻይናውን ቤይዱ ትሰማለች። ጂፒኤሶቹ በ6 የምህዋር ጠለል (የመዞሪያ ገጽ) ተከፋፍለው በ12 ሰዓት ገደማ አንዴ ምድርን ይዞራሉ፤ ጋሊሊዮዎቹ 23,222 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በ3 ጠለል፣ 14 ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። ዋንዛው አንዱን ቢጋርድ ሌላው በቅርንጫፍ መሀል ብቅ ይላል። ቢያንስ አራት ሳተላይት መያዝ አለባት። አራተኛው የሚያስፈልገው የእሷን ርካሽ ሰዓት ለማረም ነው፤ የእነሱማ የአቶም ሰዓት ነው። በ1 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ) ስህተት ርቀቱ በ300 ሜትር ይዛነፋል፤ ያው የወንድምየው ቡና ማለት ነው።

ገንዘቤን ያስረሳኝ ግን ኤል1 እና ኤል5 በሚባሉ ሁለት የሞገድ ድግግሞሾች መስማቷ ነው። አየኖስፌር (ምልክቱ የሚያልፍበት፣ በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው የአየር ንብርብር) ሁለቱን እኩል አያዘገያቸውም፤ ከልዩነታቸው መዘግየቱን አስልታ ትቀንሳለች። እኛ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ይሄ ለጅማ ሰው ቅንጦት አይደለም። ያም ሆኖ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አትለኩ። አየኖስፌሩ በዚያ ሰዓት ይረበሻል፣ ምልክቱም ይርገበገባል። አንድ ምሽት ቸኩዬ የለካሁትን ጠዋት ደገምኩት።

ሻጩ «እንደከፈትካት ትይዛለች» ብሎኝ ነበር። ውሸት። ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚነግራት ነባሩ የጂፒኤስ መልእክት በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ነው የሚንጠባጠበው፤ ብዙ ቀን ተዘግታ ከቆየች ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጡና ቡና ጠጡ። ማያዋ ፀሐይ ላይ አይነበብም። ባትሪዋማ አይወራ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ይዤ ከወጣሁ 9 ሰዓት ላይ ትሞታለች። ፓወር ባንክ ሳትይዙ እንዳትወጡ።

ባለፈው ወር የአዛውንቱን ማሳ እንደገና ዞርኩ፤ መስመሩ ጅረቱ ዳር ቆመ። ወንድማቸውም አብረውን ሲዞሩ ቆይተው፣ «የእኔስ?» አሉ። ባትሪዋን አየሁ፤ 6 በመቶ። ለማግስቱ ተቃጠርን።