በውኃ ውስጥ የድምፅ ግንኙነት፦ ኤፍኤስኬ ወይስ ኦኤፍዲኤም?

ባሕር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከወለሉና ከውኃው ገጽ እየነጠረም ተደራርቦ ይደርሳል። የሞጁሌሽን፣ ማለትም መረጃን በድምፅ ሞገድ ላይ የመጫኛ ዘዴ፣ ምርጫን የሚያከብደው ይህ ነው።

ኤፍኤስኬ ቢቱን ከሁለት ድግግሞሾች በአንዱ ይልካል። የኔቶ የውኃ ውስጥ ግንኙነት መስፈርት የሆነውና በኤፍኤስኬ የሚሠራው ጃነስ 11520 ሄርዝን ማዕከል አድርጎ በ13 ጥንድ ድግግሞሾች መካከል ይዘላል፤ በአጎራባች ድግግሞሾች መካከል 160 ሄርዝ ርቀት አለ። የዘገየው ማስተጋባት ሲደርስ ተቀባዩ ወደ ሌላ ጥንድ ተሻግሯል። ፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ያለበትን ቦታ) መከታተልም አያስፈልገውም። ፍጥነቱ ግን 80 ቢት በሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ለትእዛዝና ለአደጋ ጥሪ ይበቃል፤ ለምስል አይሆንም።

ለምስል መረጃውን በብዙ ንዑስ ሞገዶች ከፋፍሎ በአንድ ጊዜ የሚልከው ኦኤፍዲኤም ይሻላል። 10 ኪሎ ሄርዝ ስፋት ለ1024 ንዑስ ሞገዶች ሲከፈል፣ ማስተጋባቱ እስኪያልፍ 25 ሚሊሰከንድ መጠበቂያ ክፍተት ተጨምሮ፣ በኪውፒኤስኬ (በአንድ ንዑስ ሞገድ በአንዴ ሁለት ቢት በሚጭን ዘዴ) ሩቡ ለፓይለት (ተቀባዩ አስቀድሞ ለሚያውቀው መለያ ምልክት)፣ ከቀሪው ግማሹ ለስሕተት ማረሚያ ቢውል እንኳ 6000 ቢት በሰከንድ ገደማ ይገኛል።

ችግሩ ዶፕለር፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ምክንያት የሚመጣ የድግግሞሽ ለውጥ ነው። ንዑስ ሞገዶቹ የሚራራቁት በ9.8 ሄርዝ ብቻ ነው፤ በሰከንድ 1.5 ሜትር የሚጓዝ ሰርጓጅ ሮቦት ደግሞ 25 ኪሎ ሄርዝ ላይ 25 ሄርዝ ያዛባል። እዚህ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ድግግሞሹን ብቻ መልሶ ማንሸራተት አይበቃም። እንቅስቃሴው ምልክቱን በጊዜ ስለሚጨምቀው ወይም ስለሚለጥጠው፣ በቅድሚያ ናሙናዎቹን በትክክለኛው መጠን እንደገና ማስላት፣ ከዚያ የተረፈውን መዛባት ማረም ይገባል። በጃነስ ላይ ያው ፍጥነት የሚያመጣው 11.5 ሄርዝ ከ160ው አንጻር ኢምንት ነው።

ባትሪም ይታሰብበት። ኦኤፍዲኤም አልፎ አልፎ ከፍተኛ ጫፍ ስለሚያወጣ ማጉያው ከአቅሙ በታች መሥራት አለበት፤ ካልሆነ ጫፉ ተቆርጦ ንዑስ ሞገዶቹ ይበከላሉ። የኤፍኤስኬ ጉልበት ወጥ ስለሆነ ማጉያውን በሙሉ አቅሙ ያሠራዋል።