የልጄ ማይክሮስኮፕ፦ 1200 የሚለውን ቁጥር እርሱት

ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። የሳይንስ መጽሐፏ ላይ የሽንኩርት ሴል ተስሏል። ጡብ የመሰሉ ሳጥኖች፣ በየውስጣቸው አንድ ነጥብ። "እማዬ፣ የእውነቱ ምን ያክላል?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። ይህን የተማሪ ማይክሮስኮፕ የገዛሁት ለዚያች ጥያቄ ስል ነው። አራት ወር ሠራንበት።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ "1200 እጥፍ ያጎላል" ይላል። ባለ 40ውን የታች ሌንስ በባለ 30ው የዓይን ሌንስ ብታባዙት እውነትም 1200 ይመጣል። የሚታየው ግን ጉም ነው። ባለ 40ው ሌንስ ጎን ላይ 0.65 የምትል ትንሽ ቁጥር አለች፤ ሌንሱ ምን ያህል ጥቃቅን ነገር ለይቶ ማሳየት እንደሚችል የምትናገር ናት። ዋናዋ እሷ ናት። በ1000 ስትባዛ 650 ትሰጣለች፤ ከ650 እጥፍ በላይ ምስሉ ይሰፋል እንጂ አዲስ ነገር አይታይም። ባለ 30ውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በባለ 10ሩ የዓይን ሌንስ ግን በ40፣ በ100 እና በ400 እጥፍ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ለዚህ ዕድሜ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ልጄ ከሽንኩርቱ የውስጥ ገጽ ላይ ስሱን ሽፋን በወረንጦ ላጠች። አንድ ጠብታ አዮዲን ጨመረችበት። መሸፈኛውን መስታወት ዝም ብላ ስትጥለው ዙሪያቸው የጠቆረ ክብ ነገሮች ታዩ። "ሴሎቹ!" ብላ ጮኸች። የአየር አረፋ ነበሩ። ቀጥሎ መስታወቱን በአንድ ጠርዙ አስነክታ ቀስ ብላ አጋደመችው። ጡቦቹ መጡ፤ ኒውክሊየሳቸው፣ ያ የመጽሐፉ ነጥብ፣ ቡናማ ሆኖ።

ከዚያ ወዲያ ያደረገችውን ማንም አላዘዛትም። ግልጽ ማስመሪያ በ40 እጥፍ አየች። የሚታየው ክብ ከዳር እስከ ዳር 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ100 እጥፍ ክቡ 2.5 ጊዜ ስለሚጠብ 1.8 ይሆናል ማለት ነው። በቁመታቸው የተሰለፉትን ሴሎች ቆጠረች፤ 6 ናቸው። አንዱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ! ማስመሪያዋን ዓይኗ ሥር ይዛ አንዷን ሚሊ ሜትር ስታያት ፊቷን ብታዩት። መጽሐፉ ያልነገራትን ራሷ ለካችው።

ጉድለት አለው። ምስሉን የሚያጠራው ትልቁ ማስተካከያ ይላላል፤ ስላይዱ የሚቀመጥበት መድረክ በራሱ ወደ ታች ይንሸራተትና ምስሉ ይጠፋል። ባለ 40ው ሌንስ ደግሞ መስታወቱን ነክቶ አንድ ሰብሮብናል። በጎን እያያችሁ አቅርቡት፤ በዓይን ሌንሱ ስታዩ ማራቅ ብቻ። መብራቱ ባትሪ ሲደክም ስለሚፈዝ ትርፍ ባትሪ ያዙ። በተረፈ ሳላቅማማ እመክረዋለሁ።

አሁን መስኮቱ ላይ የኩሬ ውሃ በጠርሙስ አስቀምጣለች። ሊዌንሁክ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ በ1670ዎቹ በራሱ ሌንስ የሐይቅ ውሃ ውስጥ ሕይወት ማየቱን ካነበበች ወዲህ ነው። ፓራሚሲየም የሚባል ባለ አንድ ሴል የውሃ ፍጥረት አግኝታለች። ልትለካው ነበር፣ አልቆም ብሏታል።