ድል ጮራ ኤአርቲ ክፍል ላለችው ሲስተር

አቦ ድሬዎች፣ ዛሬ አንዲት ሲስተር ላመሰግን ነው። ሳላስፈቅዳት ስለምጽፍ ስሟን ትቼዋለሁ። ድል ጮራ ሆስፒታል ኤአርቲ ክፍል (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት) ገብታችሁ «ያቺ ወረቀት ላይ እየሳለች የምታስረዳዋ» በሉ፤ ያሳዩዋችኋል።

የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመርኩት በነጻ መሰጠት በጀመረ ሰሞን፣ በ1997 ነው። ያኔ ሲዲፎሬ፣ ማለትም ቫይረሱ የሚያጠቃቸው የሰውነት መከላከያ ሴሎች ቁጥር፣ ከ200 በታች ነበር። አሁን ቫይራል ሎዴ (ደሜ ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን) ከ50 በታች ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። በቅርቡ ግን አንድ የባህል መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ «ቫይረሱ ከጠፋ ክኒኑ ምን ይሠራልሃል? ተመርመርና እየው» አለኝ። አንድ የግል ላብራቶሪ ሄድኩ። ፈጣኑ ምርመራ «ፖዘቲቭ» አለ። ባለሙያው ወረቀቱን ሰጥቶኝ ቀጣዩን ሰው ጠራ። የቱን ልመን?

ሲስተር ወረቀት ሳበችና መሳል ጀመረች። ቫይራል ሎድ የሚቆጥረው ደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ ነው። ፈጣኑ ምርመራ ግን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው የሚፈልገው። ቫይረሱ ሲታፈን አንቲቦዲው ቀስ እያለ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ላይ ግን ለዓመታት አይጠፋም። በቫይረሱ የተያዙ ሴሎችን የሚያጠቁት ሲዲኤይት የሚባሉ የመከላከያ ሴሎችም የሚዋጉት ሲያጡ ቁጥራቸው ይመነምናል፤ ጥቂቶቹ ጠላታቸውን እያስታወሱ ይቆያሉ። ስለዚህ ሁለቱም ውጤት ልክ ነው።

ታዲያ ክኒኑን ባቆምስ? ቫይረሱ ዘረመሉን አንዳንድ ሲዲፎር ሴሎች ውስጥ ሰክቶ ያደፍጣል። መድኃኒቱ መባዛቱን ያግዳል እንጂ ያደፈጠውን አያጠፋም። ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። «ጋሼ፣ ደቻቱ ደረቅ ነው ብለህ አሸዋው ላይ ቤት ትሠራለህ?» አለችኝ። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ያመጣውን ጎርፍ ላየ የድሬ ሰው ይህ ጥያቄ መልስ አይፈልግም።

ሲዲፎሬ 400 አካባቢ ተገትሮ መቅረቱም ያሳስበኝ ነበር። ዝቅ ብሎ የጀመረ ሰው ላይ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል አለችኝ። ቫይረሱ ታፍኖም ቢሆን የሰውነት መከላከያ በመጠኑ እንደተቆጣ ይቆያል፤ ይሄ ደግሞ ለልብና ለደም ሥር ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ደም ግፊቴን እንድለካ፣ ሲጋራ እንዳቆም መከረችኝ። ስለ ጫቱ የተባባልነውን ለራሴ ልያዘው።

እንከን ካላችሁ አንድ አላት፤ አትቸኩልም። በሯ ላይ ሰልፉ ይረዝማል፣ ሙቀቱ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በጠዋት ሂዱ። ኦሮምኛም ሶማልኛም ስለምትናገር እናቶችን በአስተርጓሚ አታንከራትትም። የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ ግራ የገባው ሰው ካለ፣ ክኒኑን ሳያቋርጥ ወደ እሷ ይሂድ።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቫይራል ሎዱ በምርመራ የማይታይ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ ያልሽኝን ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። ከአንቺው አፍ መስማት ትፈልጋለች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረን እንመጣለን።